ዲዛየር የጃፓን ነው የህንድ? የእህቴ ባል ሊያሳብደኝ ነው

የቀበናው፦

ሰላም የመኪና ሰዎች፣ አንድ ነገር ገላግሉኝ። የእህቴ ባል ሱዙኪ ዲዛየር አለው። ራይድ ሲሰራበት ቆይቶ አሁን ሊሸጠው ነው፣ ገዢው ደግሞ እኔ ነኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ደላላ እንኳን እንደዚያ አይጠራም። ለምን ስለው «የእኔ እኮ ኦሪጅናሉ የጃፓን ነው፣ ከተማውን የሞላው የህንዱ ነው፣ መለየት ልመድ» አለኝ። በሩን ከፍቶ ዘጋልኝ፣ ድምፁን ሰማህ እያለ። እኔ የሰማሁት የበር ድምፅ ነው።

አባቴን ሳማክረው ደግሞ ሌላ ጣጣ። እሱ ዲኤክስ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፣ ከቶዮታ ውጪ መኪና ያለ አይመስለውም። «ሱዙኪ ሞተር ሳይክል ሰሪ ነው፣ መኪና ምን ያውቃል» ብሎ ዘጋው።

እና ዲዛየር የጃፓን የህንድ የሚባል ነገር አለው ወይ? ሱዙኪስ ራሱ የሚታመን ኩባንያ ነው ወይስ ሰው የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው? ቅዳሜ ምሳ ተጠርቻለሁ፣ እህቴ ባለችበት መልስ መስጠት አለብኝ። ፍጠኑልኝ።

ጋራዥ ነኝ፦

እጄ ዘይት ስለሆነ ባጭሩ ልንገርህ። የጃፓን ዲዛየር የሚባል የለም። ዲዛየር በ2008 ሲወለድም ህንድ ነው፣ ዛሬም የሚሰራው ህንድ ነው። ስዊፍትን ወስደው ከኋላ ዕቃ መጫኛ ጨመሩለት፣ ዲዛየር ሆነ። ስዊፍት ከሆነ አዎ፣ ጃፓንም ይሰራል። ዲዛየር ግን አይደለም። በር መዝጋቱን ንገረው ይተው።

አሮጌ ጎማ፦

ወንድሜ፣ አባትህ ግማሹን ልክ ናቸው። ሱዙኪ ከመኪና በፊት ሞተር ሳይክል ሰርቷል። ከሞተር ሳይክል በፊት ግን የሽመና መሳሪያ ነበር የሚሰራው፣ ይህን አልነገሩህም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ።)

ሚቺዮ ሱዙኪ የጥጥ ገበሬ ልጅ ነው፣ አናጢነት ተምሮ በ1909 ሀማማሱ የምትባል ከተማ የሽመና መሳሪያ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን ለእናቱ ነው የሰራው ይባላል። አሁን ለአባትህ ይህን ንገራቸው፦ የሚያመልኩት ቶዮታም የሸማኔ ልጅ ነው። የቶዮታ ቤተሰብ የመነጨበት ሳኪቺ ቶዮዳም አውቶማቲክ የሽመና መሳሪያ ፈልሳፊ ነው፣ የተወለደውም እዚያው ሀማማሱ ጎን ኮሳይ በምትባል ቦታ ነው። ዛሬ ኮሳይ ላይ የሱዙኪ ፋብሪካ ቆሟል። ሆንዳም የተመሰረተው ሀማማሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ዙሪያ ሦስት የመኪና ኩባንያ እንደበቀለ ቁጠረው።

ከጦርነቱ በኋላ የጥጥ ገበያው በ1951 ሲወድቅ የሽመናው ሥራ አብሮ ወደቀ። በማግስቱ ዓመት ብስክሌት ላይ የሚገጠም 36 ሲሲ ሞተር አወጡ። የመስራቹ አማች ሹንዞ ከዓሣ ማጥመድ በብስክሌት ሲመለስ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋው፣ ይህን ነገር የሚገፋልኝ ሞተር ቢኖር ብሎ አሰበ የሚል ወሬ አላቸው። በ1955 ደግሞ ሱዙላይት የምትባል ባለ 360 ሲሲ መኪና መጣች። ልብ በሉ፣ 360! ዛሬ ከባድ ሞተር ሳይክል የሚባለው እንኳን ከዚያ ይበልጣል። ጃፓን ውስጥ «ኬይ» የሚባል የትንንሽ መኪና ደረጃ አለ፣ ርዝመትና ሞተር ተወስኖለት ግብር የሚቀነስለት። ሱዙኪ እዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ ነው ያደገው። ከአንድ ግራም ላሜራ፣ ከአንድ የን ዋጋ ጋር ሲታገል።

የቤቱ ጉደኛ ግን ኦሳሙ ሱዙኪ ነው። የትውልድ ስሙ ማትሱዳ ነበር። የመስራቹን የልጅ ልጅ አግብቶ የሚስቱን ቤተሰብ ስም ያዘ፣ ጃፓን ውስጥ የተለመደ ነው። (የእህትህ ባል ይህን እንዳያነብ።) በ1978 ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከአመራር የወጣው በ2021 ነው፣ በ2024 መጨረሻ በ94 ዓመቱ አረፈ። ቋጣሪነቱ የታወቀ ነው፣ የፋብሪካ መብራት ሳይቀር የሚያስጠፋ ሰው። በ1979 አልቶን በ470,000 የን ሲያወጣ ጃፓን ጉድ አለች። ዘዴው ምን ነበር? መኪናዋን በቤት መኪና ሳይሆን በንግድ መኪና ደረጃ አስመዘገባት፣ ግብሩ ቀረላት።

አሁን ወደ ዲዛየርህ ና። ጭራው ለምን እንደዚያ ድንገት ቁርጥ እንዳለ ጠይቀህ ታውቃለህ? ህንድ ከ2006 ጀምሮ ከ4 ሜትር በታች ለሆነ፣ የቤንዚን ሞተሩም ከ1200 ሲሲ ለማይበልጥ መኪና ግብር ትቀንሳለች። በ2012 የወጣው ዲዛየር ርዝመቱ 3,995 ሚሊሜትር ነው። አምስት ሚሊሜትር አተረፉ! ውበቱን የሰዋው ለግብር ሰብሳቢ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኤክሳይስ ታክሱ 1300 ሲሲ ላይ ያሰምራል፣ ይህ ባለ 1.2 መኪና ከመስመሩ ስር ሾልኮ ገባ። አልቶ በጃፓን፣ ዲዛየር በህንድ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አንድ ዓይነት ብልሃት ነው።

ቸኩዬ ህንድን ዘለልኩት፣ ይቅርታ፣ ዋናው እኮ እሱ ነው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ህንድ ውስጥ መኪና ማለት አምባሳደር የሚባለው ሞዴል ወይም በፊያት 1100 ላይ የተሰራው ፓድሚኒ ነበር፣ እሱንም ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ። መንግሥት ማሩቲ የሚባል ኩባንያ ይዞ የውጭ ሸሪክ ፈለገ። ትልልቆቹ ሲያመነቱ ያ ቋጣሪ ሰውዬ ገባ፣ በ1982 ተፈራረሙ። በታኅሣሥ 1983 ኢንድራ ጋንዲ የመጀመሪያዋን ማሩቲ 800 ቁልፍ ለገዢው በእጃቸው ሰጡ። ፋብሪካው ውስጥ አለቃም ሠራተኛም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ አንድ ካፍቴሪያ ይበላል መባሉ ለዚያ ዘመን ህንድ ተአምር ነበር። ሁሉም ግን ማር አልነበረም፣ በ2012 ማኔሳር ፋብሪካ ላይ በተነሳ የሠራተኞች ብጥብጥ የሰው ነፍስ ጠፍቷል። ያም ሆኖ ዛሬ ህንድ ውስጥ ከሚሸጠው አዲስ የቤት መኪና 40 በመቶ ገደማ የማሩቲ ሱዙኪ ነው።

ስለዚህ «የህንድ ነው» ሲባል ስድብ አይምሰልህ። የሱዙኪ ትንሿ ጂፕ ጂምኒ፣ አምስት በር ያላት፣ ህንድ ነው የምትሰራው። በ2025 መጀመሪያ ጃፓን ገበያ ላይ ስትወጣ በጥቂት ቀን 50,000 ሰው አዘዘና ሱዙኪ ትዕዛዝ መቀበል አቆመ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ለህንዱ ተሰለፉ እኮ።

ከቨርጂኒያ፦

አሮጌ ጎማ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ሱዙኪን ታቦት አታድርገው። እኔ ያለሁበት አሜሪካ ሱዙኪ መኪና መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፣ በ2012 ነው ለኪሳራ ከለላ አመልክቶ የወጣው። ሞተር ሳይክልና የጀልባ ሞተር ግን ይሸጣል፣ የቀበናው፣ አባትህ ይሰሙ።

እዚህ ስሙን ያበላሸው ሳሙራይ የምትባለው ናት፣ የድሮዋ ጂምኒ። በ1985 ስትመጣ ወጣቱ አበደላት። በ1988 ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የገዢዎች መጽሔት ፈትኖ «በቀላሉ ትገለበጣለች፣ ተቀባይነት የላትም» አለ። ሽያጩ ተንኮታኮተ። ሱዙኪ ፈተናው ተጭበርብሯል ብሎ በ1996 ከሰሰ፣ ሲሟገቱ ከርመው በ2004 በስምምነት ጨረሱ። ማን ልክ እንደነበር ዛሬም ሰው ይጨቃጨቃል። እኔ ሁለቱንም አላምንም። አጭር፣ ጠባብና ከፍ ያለ መኪና በፍጥነት ከታጠፍክበት መገልበጡ አይቀርም፣ ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል።

አገሩም ላይ ቢሆን አልጸዳም። በ2016 ጃፓን ውስጥ የነዳጅ ፍጆታ ሲለኩ ሕጉ ከሚያዘው ውጪ እንደለኩ አመኑ። ምክንያታቸው፣ የመፈተኛው ሜዳ ባሕር ዳር ስለሆነ ነፋሱ አስቸገረን የሚል ነው። (ያ ነፋስ ዓሣ አጥማጁ ላይም ነበር መሰለኝ።) በ2019 ደግሞ መኪና ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ ምርመራ በአግባቡ አላደረጉም ተብሎ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ለድጋሚ ምርመራ ጠሩ። ርካሽነት የሆነ ቦታ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ለአባትህ ግን አንድ ስጦታ አለኝ። በ2019 ቶዮታና ሱዙኪ የአክሲዮን ድርሻ ተለዋወጡ። ሱዙኪ ከዚያ በፊት ከቮልስዋገን ጋር ተጋብቶ ነበር፣ በ2009 ጀርመኖቹ 19.9 በመቶ ገዙ፣ ወዲያው ተጣሉ፣ በ2015 በሽምግልና ፍርድ ተፋቱ። ከቶዮታ ጋር ግን ተስማማ። ውጤቱ ምን መሰለህ? በ2020 ደቡብ አፍሪካ የገባው ቶዮታ ስታርሌት የሱዙኪ ባሌኖ ነው፣ ህንድ የተሰራ፣ አርማው ብቻ ተቀይሮ። በ2023 እዚያው አገር «ቶዮታ ቪትዝ» ተብሎ መሸጥ የጀመረው ደግሞ የሱዙኪ ሴሌሪዮ ነው። ቪትዝ! አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ የማለበት ስም።

ቆሜ እሄዳለሁ፦

እናንተ ስለ ጭራው ርዝመት ትጨቃጨቃላችሁ። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የድሮው ቪትዝ እንኳ አልቀመስ ብሏል። የጃፓን ይሁን የህንድ፣ የሚሸጥልህ ዘመድ ማግኘትህ ራሱ እድል ነው። ግዛና ዝም በል።

ጋራዥ ነኝ፦

ቆሜ እሄዳለሁ ያልከው፣ ዘመድ ሲሸጥ ነው በደንብ መፈተሽ ያለበት። ነገ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ ማንን ትከሳለህ፣ እህትህን?

የቀበናው፣ እንዲህ አድርግ። ኮፈኑን አስከፍትና ሻንሲ ቁጥሩን አንብብ፣ ሊብሬውም ላይ አለ። ኤምኤ ወይም ኤምቢ ብሎ ከጀመረ ህንድ ነው። በጄ ከጀመረ ጃፓን። ከአውሮፓ የመጡት ቪታራዎች ብዙ ጊዜ ቲኤስኤም ይላሉ፣ እነሱ ሀንጋሪ ተሰርተው ነው። በር ከመዝጋት ይህ ይሻላል።

ራይድ የሠራ መኪና ከሆነ የኪሎሜትሩን ቁጥር እርሳው። የሹፌሩን ወንበር፣ የመሪውን ቆዳና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ እይ፣ እነሱ አይዋሹም። ሞተሩ ላይ ብዙ ነገር የለውም፣ ቀላል ነው፣ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት ይሄዳል። ችግሩ መለዋወጫው ላይ ነው። አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠልኝ የዘይት ማጣሪያ ሳምንት ሳይሞላው አንጠባጠበ፣ ስመልሰው ሱቁ ሌላ ሰው ቆሞበታል። ካርቶኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ አትመን።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳም። ላሜራው ስስ ነው። መኪናው 900 ኪሎ ገደማ ነው፣ ነዳጅ የሚቆጥበው ለዚህም ነው። ግሎባል ኤንካፕ የሚባሉት አጋጭተው የሚፈትኑት ለህንድ ገበያ የተሰራውን ስዊፍት በ2018 ሁለት ኮከብ ሰጡት፣ በ2022 መለኪያው ሲጠብቅ አንድ። ኤስ ፕሬሶ የምትባለው ሌላዋ የሱዙኪ ትንሽ መኪና በ2020 ዜሮ ነው ያገኘችው። በ2024 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ዲዛየር አምስት ኮከብ አግኝቷል፣ ግን የእህትህ ባል ጋ ያለው እሱ አይደለም። ከተማ ውስጥ ለመሥራት ግድ የለም። አምስት ሰው ከነሻንጣ ጭነህ በሌሊት ሀዋሳ ልሂድ ካልክ ግን ሁለቴ አስብ፣ ቀበቶም ኋላ የተቀመጠው ጭምር ይሰር።

አሮጌ ጎማ፦

ስለ ላሜራው ልክ ነህ፣ እኔ ዘልዬው ነበር። ስለ ሳሙራይም ቨርጂኒያው ያለው እውነት ነው። ሳልናገር ብቀር ደስ ባለኝ፣ ጂምኒ እወዳለሁ።

የቀበናው፦

ቅዳሜ ምሳ በልቼ መጣሁ። ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ኮፈኑን አስከፈትኩት፣ አባቴም መነጽሩን አድርጎ አጠገባችን ቆሟል። ሻንሲ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ኤም፣ ኤ፣ 3። የእህቴ ባል ለአፍታ ዝም አለና «ኤም ማለት እኮ ሜድ ነው፣ ሜድ ኢን ጃፓን» አለ። እህቴ ሳቋ አፍኗት ወደ ጓዳ ገባች።

የፔዳሉ ጎማ አልቋል፣ የመሪው ቆዳም ተልጧል። ዋጋው ላይ ትንሽ ወርዷል፣ ገና እየተነጋገርን ነው። አባቴ ግን የሽመናውን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ የደቡብ አፍሪካውን ቪትዝ ግን አልቀበልም ብሏል። «ሱዙኪ ቪትዝ ሊሰራ? ፎቶ አምጣ!» ብሎ ነው የሸኘኝ። ጆሃንስበርግ ያላችሁ፣ የአርማውንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።