ጥቁር ቸኮሌት «የጤና ምግብ» ሊባል ይገባዋል? ክርክር

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ግፊት አለባቸው። «ጥቁር ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምተው ማታ ማታ መብላት ጀምረዋል። ጥያቄው ግን ከእሳቸውም ያለፈ ነው። ከማጥገብ አልፎ ለጤና የተለየ ጥቅም የሚሰጥ ምግብ «ፋንክሽናል ፉድ» ይባላል። ጃፓን በ1991 ለእንዲህ ዓይነት ምግቦች የራሳቸው የፈቃድ ሥርዓት አውጥታለች (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ፣ ግራ እንዳንጋባ)። አሁን ቸኮሌትም ከእነዚህ ተርታ ይሰለፍ የሚሉ በዝተዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እባካችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።

የካካዎ ጠበቃ፦ ይገባዋል ባይ ነኝ። ከኩና ሕዝብ ልጀምር። በፓናማ የሳን ብላስ ደሴቶች ይኖራሉ። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ ለዓመታት አጥንቷቸዋል። ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ግፊታቸው አብሮ አይወጣም። ጨው ስለሚቀንሱ እንዳይመስላችሁ፣ ጨው ይበላሉ። ካካዎ ግን በየቀኑ በብዛት ይጠጣሉ። ወደ ፓናማ ከተማ የገቡት ዘመዶቻቸው ግፊት ይይዛቸዋል። ስለዚህ የዘር ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም።

አሠራሩም ይታወቃል። ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ዋናው ኤፒካቴቺን ነው። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያግዛል። ያኔ ደም ሥሩ ይላላል፣ ይሰፋል፣ ደሙም በቀላሉ ያልፋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 ይህን መርምሮ ተቀብሏል። በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥርን የመለጠጥ ችሎታ ለመጠበቅ ይረዳል ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ ስለ ፍላቫኖል የጻፍከው ልክ ነው። እሱ ላይ አልከራከርህም። የምቃወመው ከፍላቫኖል ተነስተህ ቸኮሌት ላይ መድረስህን ነው።

የአውሮፓውን ውሳኔ እስከ መጨረሻው እናንብበው። 200 ሚሊ ግራሙ የሚገኘው ፍላቫኖሉ ከፍ ተደርጎ ከተዘጋጀ ካካዎ ነው። 2.5 ግራም ዱቄት ወይም 10 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ይበቃል የተባለውም ለዚያ ዓይነቱ ብቻ ነው። ማመልከቻውን ያስገባው ባሪ ካልቦት የተባለው የካካዎ ኩባንያ ነው። ፍላቫኖሉ ሳይጠፋ የሚቆይበት ልዩ የአመራረት ዘዴ ነበረው። ተራው ቸኮሌት በዚያ መንገድ አያልፍም።

የካካዎ ፍሬ መጀመሪያ ይብላላል። ከዚያ ይቆላል። ከዚያም ብዙ ጊዜ መራራነቱ እንዲቀንስና ቀለሙ እንዲጠቁር በአልካሊ (አሲድነትን በሚቀንስ ኬሚካል) ይታከማል። በየደረጃው ፍላቫኖል ይጠፋል። በ2008 የታተመ አንድ ምርመራ የገበያ ካካዎ ዱቄቶችን አነጻጽሮ ነበር። በአልካሊ ያልታከመው በአንድ ግራም ወደ 34 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ነበረው። በደንብ የታከመው ወደ 4 ገደማ ወርዷል። በጣም የጠቆረው ሁልጊዜ የበለጠ ፍላቫኖል ያለው አይደለም ማለት ነው! ማሸጊያው ላይ «70%» ተብሎ ሲጻፍም የካካዎውን ድርሻ፣ ቅቤውን ጨምሮ፣ ነው የሚናገረው። ስለ ፍላቫኖል ምንም አይነግርህም።

ኩናዎቹም የሚጠጡት ብዙ ያልተነካካ ካካዎ ነበር። ደግሞስ ከደሴት ወደ ከተማ የገባ ሰው የሚቀየረው መጠጡ ብቻ ነው? ምግቡ፣ እንቅስቃሴው፣ ጭንቀቱ ሁሉ ይቀየራል።

የካካዎ ጠበቃ፦ እሺ፣ ኩናን እንተወው። ኮስሞስ የተባለውን የአሜሪካ ጥናትስ? ይህ ሰዎች በራሳቸው ምርጫ የሚበሉትን እያዩ የሚመዘግቡበት የክትትል ጥናት አይደለም። ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡበት ነው። ሴቶቹ 65፣ ወንዶቹ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 21,442 ሰዎች ገብተውበታል። ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ወሰዱ፣ የቀሩት ባዶ እንክብል። ወደ ሦስት ዓመት ተኩል ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2022 ወጣ። ፍላቫኖል በወሰዱት ላይ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት በ27% ቀነሰ። ይህን ማጣጣል አይቻልም።

ነርሷ፦ አላጣጥለውም፣ ግን ሙሉውን እንናገር። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ሞት ብቻ አልነበረም። የተጠየቀው ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክንና መሰሎቹን አንድ ላይ ደምሮ «ቀነሰ ወይ?» ነበር። እዚያ ላይ የታየው የ10% ቅናሽ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። የሞቱ ቁጥር ተስፋ ሰጪ ነው፣ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላ ጥናት ሊደግፈው ይገባል። ማርስ የተባለው ቸኮሌት አምራችም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋምም ገንዘብ ስላወጣበት በዚህ ብቻ ጥናቱን አልጥለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹ የወሰዱት እንክብል ነው። ስኳር የለውም፣ የካካዎ ቅቤ የለውም። ቸኮሌት አልበሉም!

ስለ ግፊቱም ልጨምር። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2017 35 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሯል። ካካዎው ግፊትን በአማካይ ከ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ነው ያወረደው። ይህ ለሕዝብ በጅምላ ሲታይ ዋጋ አለው። 160 ላይ ላለ አንድ ታካሚ ግን ምንም አይፈታለትም። እህቴ፣ አባትሽ ቸኮሌቱን ተማምነው መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ። ይህን ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ማታ መብላታቸውም ጥሩ አይመስለኝም፤ ጥቁር ቸኮሌት ካፌይን አለው፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው፣ ግን አረጋግጣለሁ። የማስታወስ ችሎታን ያሻሽላል የሚባለውስ?

ነርሷ፦ የተደባለቀ ነው። ከዚያው ከኮስሞስ ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰዎች ለሦስት ዓመት የማሰብ ችሎታቸው ተፈትኗል። ካካዎው ለውጥ አላመጣም። በ2023 የወጣው ሌላው ክፍል ደግሞ ምግባቸው ደካማ በሆነና ፍላቫኖል በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ የማስታወስ መሻሻል አይቷል። ለእኔ ይህ የሚለው ጉድለት ያለበትን መሙላት ይጠቅማል ነው። ፍላቫኖል ደግሞ በሻይ፣ በፖምና በቤሪ ፍሬዎችም አለ።

የልጆች እናት፦ ማንም ቸኮሌት ውስጥ ስለሚገኙት ጎጂ ብረቶች አላነሳም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ለሸማቾች ምርቶችን የሚፈትሸው የአሜሪካው ድርጅት ኮንሲውመር ሪፖርትስ በ2022 መጨረሻ 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም አግኝቷል። በ23ቱ ላይ አንድ አዋቂ በቀን 28 ግራም ገደማ ቢበላ ድርጅቱ ከተጠቀመበት መለኪያ ያልፋል። ካድሚየሙን ዛፉ ከአፈር ይስበዋል። እርሳሱ በአብዛኛው ፍሬው ሲደርቅ በአቧራ ይመጣል። ካካዎው በበዛ ቁጥር ብረቱም የመብዛት ዕድል አለው። «ለጤና ነው» ብሎ በየቀኑ ልጅን ማብላትና አልፎ አልፎ ማጣጣም አንድ አይደለም። አውሮፓ ከ2019 ጀምሮ ለካድሚየም ጣሪያ አስቀምጣለች። እንዲህ ያለ ገደብ በሁሉም አገር ይኑር።

የካካዎ ጠበቃ፦ ስጋትሽ ተገቢ ነው፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች በተለይ። ግን አንድ ማስረጃ ይቀረኛል። በ2024 መጨረሻ በብሪታኒያው የሕክምና መጽሔት የወጣ የሃርቫርድ ጥናት አለ። በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች ዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21% ዝቅ ብሏል። ይህ እንክብል አይደለም፤ ሰዎች የበሉት ቸኮሌት ነው።

ፋርማሲስቱ፦ እሱ ግን የክትትል ጥናት ነው። ጥቁር ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው ሌላውንም ምግቡን የሚመርጥ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማስተካከል ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በ2012 አንድ ሐኪም የ23 አገሮችን የቸኮሌት ፍጆታ ከኖቤል ተሸላሚዎቻቸው ብዛት ጋር አነጻጽሮ ጠንካራ ዝምድና አሳይቷል። ቸኮሌት ኖቤል ያሸልማል የሚል ማነው? ያው ያንተው ጥናት የወተት ቸኮሌት የሚያዘወትሩት ክብደት እንደጨመሩም ይናገራል። ገበያውን የሞላው ደግሞ እሱ ነው። ጥቁሩም ቢሆን 30 ግራሙ ወደ 180 ካሎሪ ይይዛል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2023 የፈቀደው ቢያንስ 4% ፍላቫኖል ላለው የካካዎ ዱቄት ብቻ ነው። ያውም ማስረጃው «በጣም ውስን» መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ። ተራ የካካዎ ዱቄትና ቸኮሌት ፈቃዱ ውስጥ የሉም።

የካካዎ ጠበቃ፦ እንግዲያው ፍላቫኖሉ በሚሊ ግራም ማሸጊያው ላይ ይጻፍ። በቂ ፍላቫኖል ያለው ቸኮሌት ስሙን ያግኝ፣ የሌለው አያግኝ። ሁሉንም አንድ ላይ መከልከል ጥሩ የሚሠራውንም ይቀጣል።

ፋርማሲስቱ፦ ቁጥሩ ይጻፍ፣ በዚህ አብሬህ ነኝ። «የጤና ምግብ» የሚለውን ስም ግን ስኳሩ ከገደብ በታች ካልሆነና ካድሚየሙ ካልተለካ አልፈርምበትም።

የልጆች እናት፦ እርሳሱም ይለካ።