ሞተሬ ሊማሊሞ ላይ ቆመ፤ ኤጂ 200 ልግዛ ወይስ ኤክስአር 150?

ጠያቂ (ደባርቅ)፦ ትናንት ሊማሊሞን ስወርድ የያማሃ ዲቲ 125 ሞተሬ ፒስተን ተጣብቆ የኋላ ጎማው በድንገት ስለቆመ፣ ከገደሉ አፍ ለጥቂት ተረፍኩ። ባለ ሁለት ምት ሞተር (ዘይትን ከነዳጅ ጋር የሚያቃጥለው) ለደጋ እንደማይሆን ተረድቻለሁ። አስፋልቱንም ኮሮኮንቹንም የሚችል ስፈልግ ያገለገሉ ያማሃ ኤጂ 200 እና ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል አግኝቻለሁ፤ ሻጮቹ የሚጠብቁኝ እስከ ቅዳሜ ነውና እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

መካኒኩ፦ ጥፋቱን በደጋው አያሳብቡ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት የሚቀንሰው ከባለ ሁለት ምቱም ከባለ አራት ምቱም ነው። የዲቲ የዘይት ፓምፕ ከነዳጅ መስጫው እጀታ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ እጀታውን ዘግተው በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ እየዞረ ዘይት ያጥረዋል። በየመሃሉ ነዳጅ መስጠት ወይም ፍሪሲዮን መያዝ ነበረብዎ።

ባለ በቅሎ፦ የእኔዋ ካርቡሬተርም ፍሪሲዮንም የላትም፤ ሊማሊሞንም አርባ ጊዜ ወርዳለች።

የጎንደሩ፦ የካርቡሬተሩን ጂግለር (ነዳጁን መጥኖ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በአነስተኛ ቢቀይሩት ችግሩ ይፈታል።

መካኒኩ፦ ለደባርቅ ስስ አየር በተቀነሰ ጂግለር ወደ ቆላ ሲወርዱ ነዳጁ ያንስና ፒስተኑ ይባስ ይግላል።

ሌላ አባል፦ እኔም ጂግለር ይቀየር እላለሁ።

የወረዳ ባለሙያ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሁለቱንም ነድቻለሁ። ኤክስአር የፊት ፍሬኑ ዲስክ ስለሆነ በረጅም ቁልቁለት የተሻለ ይይዛል፣ 12 ሊትር ነዳጅም ይችላል፤ የፊት ጎማው ግን 19 ኢንች ነው፣ የኤጂ ደግሞ 21፣ ስለዚህ ድንጋይ ላይ ኤጂው ይቀላል። የኤጂ ካቴና በሙሉ የተሸፈነ በመሆኑ ጭቃ አይገባበትም፤ ከበሮ ፍሬኑ ግን ሲግል ይደክማል። ለመሆኑ ምን ይጭናሉ?

ጠያቂ፦ የእንስሳት ክትባት የበረዶ ሳጥን ነው። ከአስፋልቱ ወጥቼም በእግር መንገድ እገባለሁ።

የወረዳ ባለሙያ፦ ይህን አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ! እንዲህ ከሆነ ኤጂውን ይውሰዱ፤ የኋላ መጫኛውም አብሮት የተሠራ ነው። ብቻ ከመክፈልዎ በፊት የካቴናውን ሽፋን አስፈትተው ይመልከቱ፤ ስለማይታይ ባለቤቱ ለዓመታት ዘይት ሳይቀባው ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ባለ በቅሎ፦ ሳጥኑን በቅሎዬም ትሸከመዋለች፤ ሽፋን የሚያስፈታ ካቴናም የላትም።