ከጉርብርብ ክትባት በኋላ የተወሰደ ደም ፀረ እንግዳ አካል ካልተገኘበት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ቡሬ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በቡሬ ዙሪያ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ስሆን፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በጉርብርብ (የከብት ቆዳ ላይ እባጭ በሚያወጣው የቫይረስ በሽታ) ላይ ለማድረግ አስቤአለሁ። በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ነው። ከተከተቡ ከወር በኋላ ደም የወሰድንላቸው ከብቶች በኤላይዛ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ በሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ) ሲመረመሩ አብዛኞቹ ኔጌቲቭ ሆኑ። ክትባቱ አልሠራም ማለት ነው? ኤላይዛውን በራሳችን ላቦራቶሪ ብናዘጋጅስ፣ አንቲጅኑ (ፀረ እንግዳ አካሉ እንዲጣበቅበት የሚቀመጠው ነገር) ሙሉው ቫይረስ ቢሆን ይሻላል ወይስ አንድ ፕሮቲን?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦ ዶክተር፣ ይህ ውጤት ብቻውን ክትባቱ አልሠራም አያሰኝም። የጉርብርብ፣ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች በአንድ የካፕሪፖክስ ወገን የሚመደቡ ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የሚገነባው መከላከያ በአብዛኛው በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የተከተበ ከብት በደሙ ውስጥ የሚለካ ፀረ እንግዳ አካል ሳይኖረው ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ፖዘቲቭ የሆነው ከብት ታሞ የዳነ ይሁን የተከተበ በሥራ ላይ ያሉት የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎች አይለዩትም፤ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነውና። ስለዚህ የክትባት መዝገብ በሌለበት ቀበሌ የሚደረግ የሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ዳሰሳ ለእኔ ብዙም አይነግረኝም።

አንቲጅኑን በተመለከተ፣ ሙሉው ቫይረስ ብዙ ፕሮቲኖችን ስለሚይዝ ጠንካራ ምላሽ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከግልገል በግ ቆለጥ በተገኙ ሕዋሳት ላይ ማሳደግ፣ ማጥራትና መግደል ይጠይቃል፤ ጥብቅ ጥንቃቄ ያለበት ላቦራቶሪም ያስፈልገዋል። ፒ32 የተባለው የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን በባክቴሪያ ሊመረት መቻሉ ያጓጓል፤ ሆኖም በሽፋኑ ውስጥ የሚሰካው ክፍሉ ስለማይሟሟ ያስቸግራል፤ ያንን ክፍል ቆርጦ ማምረት የተለመደ መፍትሔ ነው።

መልስ (ባሕር ዳር)፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ዋናው ድካም ግን ያለው ሴረሙ ላይ ነው። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መለያውን ነጥብ ከሌላ አገር ጽሑፍ አትውሰዱ፤ ታመው መዳናቸው በሞለኪውል ምርመራ (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው) ከተረጋገጠላቸው፣ እንዲሁም ተከትበውም ታመውም ከማያውቁ ከብቶች በተሰበሰበ ሴረም ራሳችሁ ወስኑት። ኔጌቲቩን በጎጃም ማግኘት ነው የሚከብደው፤ ከገበያ የተገዛ በሬ ታሪኩን ማን ያውቃል? ማነጻጸሪያው የቫይረስ ማምከን ምርመራ ነው። ሴረሙ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ከቫይረስ ጋር ተቀላቅሎ ሕዋሳት ላይ ይጨመራል፤ ንባቡም ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ይዘልቃል፤ የማምከኛ ኢንዴክሱ (ሴረሙ ቫይረሱን ምን ያህል እንዳመከነ የሚያሳየው ቁጥር) 1.5 እና ከዚያ በላይ የሆነው ፖዘቲቭ ይባላል። አዝጋሚ ቢሆንም እርሱን ዘልሎ ኤላይዛ አጸደቅሁ ማለት አይቻልም። አሮጌውን የአጋር ጄል ምርመራ ግን ተዉት፤ ኦርፍ የተባለው የአፍ ቁስል በሽታ የያዘው በግም ፖዘቲቭ ሊመስል ይችላል።

መልስ (ሞጣ)፦ የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ክትባቱን ከጥርጣሬ ፈጽሞ ነጻ ያወጡት መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በታተመ ሙከራ የኬንያው ዝርያ ክትባት ከብቶችን በአጥጋቢ ሁኔታ አልጠበቀም፤ ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ግን ጠብቋል። የትኛው ዝርያ እንደተሰጠ ከጠርሙሱ ላይ ይመዝግቡ፤ በሽታው ሲገባ ከተከተቡት ውስጥ ስንቱ እንደታመመ መቁጠርም ከኤላይዛው የበለጠ ይነግርዎታል። ደሙም በፀሐይ ላይ ቆይቶ ሴረሙ ቀይ ከሆነ ለምርመራ አይላኩት።

ጠያቂ (ቡሬ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከተላኩት ቱቦዎች አንዳንዶቹ ቀላ ያሉ ነበሩ። በሚቀጥለው ዘመቻ በክትባቱ ዕለት መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደም ወስጄ፣ በጆሮ ቁጥር መዝግቤ፣ ከወር በኋላ የእነዚያኑ ከብቶች ደም እደግማለሁ። የማምከን ምርመራውን የሚሠራልኝ ላቦራቶሪ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።