በኮቪድ ዘመን ወጣቶች የአእምሮ ሕክምናን ምን ያህል ተጠቀሙ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ ከአማካሪዋ ጋር የነበራት ግንኙነት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ የወጣቶች ሕክምና ፍለጋ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱ ልጆች ቁጥር በአጠቃላይ በእጅጉ ሲቀንስ፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ከሆኑት መካከል በአእምሮ ጤና ምክንያት የሄዱት ድርሻ ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ31 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይህ ግን የታማሚዎቹ ቁጥር በዚያው ልክ ጨመረ ማለት አይደለም።

መልስ 2፦ በቪዲዮ የሚሰጠው ምክክር ብዙዎችን ደግፏል፤ ሆኖም ክፍሉን ከታናናሾቹ ጋር የሚጋራ ልጅ ምስጢሩን የት ሆኖ ይናገራል? ልጄ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው የቆመ መኪናችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

መልስ 3፦ ጭንቀቱ ከበረታባት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራው የአሜሪካ የአእምሮ ጤና ቀውስ የስልክ መስመር፣ 988፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ።