ጓደኛዬ 40 ሊሞላት ነው፣ ልደቷ ግን በእውነተኛ ቀኗ እዚህ አንድም ጊዜ አልተከበረላትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍራንክፈርት ያለሁ እህታችሁ

ሰላም እንዴት ናችሁ የኔ ውዶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ቢረዝምም ታገሱኝ።

እዚህ ጀርመን ከ10 ዓመት በላይ አብራኝ ያለች ጓደኛ አለችኝ፣ ጓደኛ ከምላት እህቴ ብላት ይቀለኛል። ስትመጣ ምንም ወረቀት አልነበራትም፣ የተወለደችበትን ቀን በኛ አቆጣጠር ነገረቻቸው፣ የሚያስረዳላት ሰው ጠፋና 01.01.1985 ብለው ጻፉላት። ይሄን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በወረቀት ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ ስንት ነው። ከዛ ወዲህ መስሪያ ቤቱም ባንኩም ኢንሹራንሱም «እንኳን ተወለድሽ» የሚሏት በዛ ቀን ነው። እውነተኛው ቀኗ ግን ኅዳር 12 ቀን 1978 ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። እናቷን ምጥ የያዛቸው ጉለሌ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ በጭስ ታፍኖ ሳለ ነው፣ እስካሁንም «የኔ ልጅ በጭስ መሃል ነው የመጣችው» ይላሉ።

ባለፈው ጃንዋሪ የምትሰራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ «40 ሞላሽ» ብለው አበባና ካርድ ሰጧት። ማታ እኔ ጋ መጣችና አበባውን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አንቺ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ የኔ አይደለም» አለችኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም። የኔ ልጆች ክርስትና ሲሆን፣ የሰው ሰርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን ቀድማ ደርሳ ሽንኩርት የምትልጠው እሷ ናት፣ ለሷ ግን ማን ምን አደረገላት?

ዘንድሮ ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ላይ ነው የሚውለው፣ አርብ ነው። ወደ 40 ሰው እንጠራለን፣ ሐበሻም አለ የስራ ባልደረቦቿ ጀርመኖችም አሉ። አርብ ይሻላል ቅዳሜ ወይስ እሁድ? ሰርፕራይዝ ይሁን ወይስ ይነገራት? እናቷንስ እንዴት አድርጌ ላስገባቸው? ቪዛው አሁን አይደርስም።

ማይንዝ ነኝ

እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ለጓደኛ እንዲህ ማሰብ መታደል ነው።

በቀኑ ልጀምርልሽ። አርብ ጾም ነው፣ ዶሮ ካሰብሽ አይሆንም፣ የጾም ካደረግሽው ደግሞ 40 ዓመቷን በሽሮ ነው የምታከብሪላት ማለት ነው (ሽሮ ጠልቼ አይደለም!)። እሁድ ኅዳር 14 ለነቢያት ጾም ቅበላ ስለሆነ ለኛ ጥሩ ነበር፣ ግን ኖቬምበር 23 ጀርመኖቹ ቶተንዞንታግ የሚሉት ሙታናቸውን የሚያስቡበት እሁድ ነው፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ጭፈራ የሚከለከልበት ቀን ነው፣ አዳራሹን የሚያከራይሽ ሰውም ፊቱ አይፈታልሽም። ስለዚህ ቅዳሜ 22 ነው ያለሽ። ደግሞ አንድ ነገር፣ ጀርመን ከቀኑ በፊት «መልካም ልደት» መባል ገደ ቢስ ነው ብሎ ነው የሚያምነው፣ እንኳን ግብዣ ቃሉን አስቀድመሽ ብትዪው ይደነግጣል። ከቀኑ ማግስት ቢሆን ግን ማንም ምንም አይልም። አየሽ ቅዳሜ ለሁሉም ይሆናል።

ለዶሮው የሱፐርማርኬቱን ለስላሳ ዶሮ እንዳትገዢ፣ ድስት ውስጥ ፈርሶ አጥንቱ ብቻ ነው የሚቀርልሽ። ዙፐንሁን የሚባለውን አሮጊቷን ዶሮ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ በረዶ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ረጅም ሰዓት ትበስላለች ግን ብልቷ አይፈርስም፣ የሀገር ቤትንም ትመስላለች። 5 ዶሮ ይበቃሻል፣ ሽንኩርቱን 10 ኪሎ አድርጊውና ከዋዜማው ጀምረሽ አቁላዪ።

የኦፈንባህ ሰው

እኔ ስለ ሰርፕራይዙ ብቻ ልናገር፣ እባክሽ እህቴ አታድርጊው።

50 ስሞላ ጓደኞቼ ከልብ በመነጨ ፍቅር አዘጋጁልኝ፣ እኔ የሌሊት ሽፍት ሰርቼ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ገና መነሳቴ ነው፣ «ና መኪናዬ ተበላሽታለች ግፋልኝ» ብሎ አንዱ ደወለና በስራ ልብሴ ወጣሁ፣ በሩ ሲከፈት 30 ሰው ለብሶ አጊጦ እልል አለ። ጫማዬ ላይ የፋብሪካ ዘይት ነበር። ፎቶው ሁሉ ላይ እጄን ከኋላዬ ደብቄ ነው የቆምኩት። ጓደኞቼን አመሰግናለሁ ዛሬም አመሰግናለሁ፣ ግን ያን ቀን ባውቀው ኖሮ ተላጭቼ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ነበር የምገባው።

አንዲት ሴት ደግሞ 11 ወር ሙሉ የሰው ሽንት ጨርቅ ስትቀይር ከርማ በራሷ ቀን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ጸጉሯን ተሰርታ እንድትመጣ እድል ስጧት። ንገሪያት። ምን እንደተዘጋጀ ባይነገራትም ቀኑንና ሰዓቱን ትወቅ።

ፍራንክፈርት ያለሁ እህታችሁ

ወንድሜ ያልከኝ ገብቶኛል፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያሳየኸኝ፣ ሰርፕራይዙን ትቼዋለሁ። ግን ብነግራት «አይ ተዉት ገንዘብ አታውጡ» ነው የምትለኝ፣ እንዴት ላሳምናት?

ከቤሩት

እንደምን ዋላችሁ። እኔ ሊባኖስ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ እረፍት ያለን እሁድ ብቻ ነው እሱም ማዳሟ ከፈቀደች። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጃችን 30 ሞላትና የዛን ሳምንት አልለቀቋትም። እኛ 9 ልጆች ተሰብስበን በየተራ በድምጽ ቀዳንላት፣ አንዷ ዘፈነች፣ አንዷ እልል አለች፣ የመጨረሻውን ድምጽ ግን የእናቷን ነው ያደረግነው፣ ከወሎ የእህቷ ልጅ ቀድቶ ላከልን። እማማ ምን አሉ መሰላችሁ፣ ምርቃቱን ጨርሰው ሊቆም ሲል «በልተሻል?» አሉ። ልጅቷ ማታ ኩሽና ውስጥ ሆና ይሄን ሰማች፣ እስካሁን ስልኳ ላይ አለ፣ ሲከፋት እሷን «በልተሻል» የምትለዋን ብቻ ነው የምትሰማው።

ስለዚህ እህቴ የእናትየውን ድምጽ አስቀድመሽ አስቀጂ፣ ቪዲዮ ኮል ብቻ ተማምነሽ እንዳትቀሪ፣ የዛን ሰዓት መብራት ቢጠፋ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

እናት ኮሎኝ

ቤሩት ያለሽው ልጄ ሆዴን አባባሽው፣ እግዚአብሔር በሰላም ለሀገርሽ ያብቃሽ።

ለጠያቂያችን እኔ አንድ ሀሳብ አለኝ። ልጅቷ የተወለደችው በሚካኤል ነው ብለሻል፣ እናትየው በወር 12 ይዘክሩ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ የዓመቱ ነው። ለስጦታ ያዋጣችሁትን ሁሉ ሽቶና ቦርሳ ላይ ከምታጠፉት ግማሹን ለእማማ ላኩላቸው፣ አርብ በቀኑ በልጃቸው ስም ድፎውንም ጠላውንም አዘጋጅተው ጎረቤቱን ይጥሩ፣ እነሱም አርብ ስለሆነ በጾም ይሁን። ያኔ «ገንዘብ አታውጡ» ብትልሽ እናትሽ ቤት ተደግሷል አንቺ እዚህ እንዴት ትቀሪያለሽ በያት፣ ምን መልስ አላት?

ያ ጭስ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፣ ትንንሾቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ገብቶ አዲስ አበባን ቀባሪ ባሳጣት ጊዜ ነው በ12 ከተማው ይታጠን የተባለው። ያ ሁሉ ሞት በሚታሰብበት ቀን ልጅ መወለዱ ለእናትየው ትልቅ ነገር ነው፣ ስትቀጂያቸው ይሄን ይናገሩላት።

ሰዓቱን አትርሺ፣ በኖቬምበር በሁለት ሰዓት ይቀድሙናል፣ እዚህ ማታ 20 ሰዓት ላይ ብትደውዪ እማማ ጋ ከምሽቱ 4 ነው ተኝተዋል። 15 ሰዓት ላይ አድርጊው፣ እሳቸው ጋ 11 ሰዓት ይሆናል።

ፍራንክፈርት ያለሁ እህታችሁ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ወደ ጉለሌ ደወልኩ። ዝክር እንዳላቸው እንኳን አላውቅም ነበር፣ ለካ በየወሩ ከ6 ጎረቤቶቻቸው ጋር ይዘክራሉ፣ የኅዳሩ ደግሞ ዘንድሮ የሳቸው ተራ ነው! ስልኩን ይዘው ብዙ ዝም አሉና «አርባ ሞላት? እኔ እኮ አሁንም ፊቷ የሚታየኝ ያኔ ስትሄድ እንደነበረችው ነው» አሉኝ። ወንድሟ እሁድ ሄዶ ይቀዳቸዋል።

ለሷም ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ የዝክሩን ስነግራት ግን ዝም አለችና «ቀሚሴ ይጠበኝ ይሆን?» አለች፣ በዚሁ ገብቶኛል። ቅዳሜ 22 ከ14 ሰዓት ጀምሮ፣ የሰፈራችንን አዳራሽ ይዣለሁ። የጭስ ጠቋሚው እንዳይጮህ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን ቡናውንም እጣኑንም እዛው ውጪ ነው የምናደርገው፣ ብርድ ቢሆንም ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጭስ ሳይሸታት አትቀርም።

አሁን የጎደለኝ ድስት ብቻ ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ 5 ዶሮ ከነሽንኩርቱ የሚችል ትልቅ ድስት ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሐሙስ ማታ መጥቼ ወስጄ እሁድ አጥቤ እመልሳለሁ።