አዲስ አበባ ሆኜ የሜሪላንድ የትራፊክ ትኬት እንዴት ልከራከር?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ታማብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ገባሁ። አሁን አራት ኪሎ፣ እሷ ቤት ነኝ። ከመምጣቴ አምስት ቀን በፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ አስቆመኝና 35 ማይል በሚፈቀድበት 49 ነድተሃል ብሎ ትኬት ሰጠኝ። እኔ 40 የሞላሁ አይመስለኝም። ወረቀቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። 19ኙ አልፏል።

ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አይደለም። ከ20 ወር በፊት ከፊቴ የነበረ መኪና ገጭቼ 3 የጥፋት ነጥብ ተይዞብኛል። የምተዳደረው ደግሞ ሰው በማመላለስ ነው። ይሄ ሲጨመርበት መንጃ ፈቃዴ ሊሄድ ነው? ባለቤቴ ክፈልና ተገላገል ትላለች። እናቴን ጥዬ መመለስ አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የለገሃሩ ሹፌር

እናትህን እግዜር ይማርልህ። እዚያ 11 ዓመት ታክሲ ነድቼ ነው የተመለስኩት። በመጀመሪያ ተረጋጋ፣ መንጃ ፈቃድህ አይሄድም። ግን እንዳትከፍል! እዚያ ትኬት መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ነው። ከከፈልክ ነጥቡ ይመዘገባል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከተፈቀደው በላይ ከ10 ማይል በታች ከሆነ 1 ነጥብ ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን 2፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን 5 ይሆናል። አንተ በ14 ነው ያለፍከው፣ ስለዚህ 2። ከድሮው 3 ጋር 5 ይሞላል። ኤምቪኤ (የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) 3 ወይም 4 ነጥብ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል። ከ5 እስከ 7 ኮርስ ውሰድ ይልሃል። እገዳ የሚመጣው 8 ላይ ነው፣ 12 ላይ ፈቃዱ ይሰረዛል። ኮርሱ አይገድልም። ግን በዚህ ሥራ ለምትኖር ሰው እያንዳንዷ ነጥብ እንጀራ ናት። ትኬቱ የካሜራ ቢሆን ኖሮ ነጥብ አይኖረውም ነበር። ፖሊስ አስቁሞ የሰጠው ነው ጣጣው።

መልስ፦ ማሂ ከፒያሳ

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ አራት አምስት ወር አስገፋው ነበር። ያኔ የድሮው 3 ነጥብ ሁለት ዓመት ሞልቶት ይወርዳል፣ አዲሱ ብቻውን ይቀራል። አይሻልም?

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

ማሂዬ፣ ሐሳብሽ ከደግነት ነው፣ ግን አይሠራም። ይሄን ስህተት ብዙ ሰው ሲሠራ አይቻለሁ። ነጥቡ የሚቆጠረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው፣ ከፍርዱ ቀን አይደለም። ሁለቱ ጥፋቶች በ20 ወር ልዩነት ስለተፈጸሙ፣ ፍርዱ መቼም ይሰጥ መቼ ይደመራሉ። የድሮው ከአራት ወር በኋላ ይወርዳል፣ እሱ እውነት ነው። እስከዚያ ሌላ ትኬት እንዳይመጣበት ብቻ ይጠንቀቅ።

ወንድሜ፣ እዚያ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ። ካልከፈልክ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ዌቨር ሂሪንግ የሚሉት ነው። ጥፋቱን ታምናለህ፣ ምክንያትህን ለዳኛው ታስረዳለህ፣ ፖሊሱ አይጠራም። ሁለተኛው ትራያል፣ ማለትም ሙሉ ክርክር ነው፣ ፖሊሱ ይጠራል፣ ማስረዳትም የእሱ ግዴታ ነው። አንተ 49 አልነዳሁም ስለምትል ትራያል ጠይቅ። ፖሊሱ ካልቀረበ ብዙ ጊዜ ክሱ ይዘጋል። ከቀረበም የምታጣው ነገር የለም፣ እዚያው አምነህ ምክንያትህን ማስረዳት ትችላለህ።

ዳኛው ከፈቀደ ፒቢጄ የሚባል ነገር አለ። ፍርዱን ሳይመዘግብ በገደብ ያልፍሃል፣ ነጥብ አይያዝም። ይሄን ጠይቅ፣ አትፈር። የእናትህን የሕክምና ወረቀትና የአውሮፕላን ትኬትህን ግን ለማሳዘን ብለህ አታቅርብ፣ ከፍጥነቱ ጋር አይገናኝም። የሚጠቅምህ ቀጠሮው እዚህ እያለህ ከወደቀ ነው። ያኔ ቀጠሮ ይለወጥልኝ ብለህ ስትጽፍ አያይዘው። አማርኛ አስተርጓሚ ደግሞ በነፃ ይመደብልሃል። እንግሊዝኛ ብትችልም ፍርድ ቤት ፊት ምላስ ይተሳሰራል። ቀደም ብለህ አመልክት።

መልስ፦ የለገሃሩ ሹፌር

ልክ ብላለች። ቀኑን በተመለከተ፣ ከዚህ በፖስታ አትላክ። ብሔራዊ ትያትር ጋ ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ብትልከውም በ11 ቀን መድረሱን ማን ያውቃል? ትራያል እፈልጋለሁ የሚለውን ቅጽ እዚህ ፈርመህ ስካን አድርግና ለባለቤትህ ላክላት። እሷ አትማ እዚያው ፖስታ ቤት ታስገባ፣ ደረሰኝ ትያዝ። ከዚያ በፊት ለጸሐፊዎቹ ደውልና ሌላ የተሻለ መንገድ እንዳለ ጠይቅ። ጠዋት በ8፡30 ነው የሚከፍቱት። በበጋቸው የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ዝም ማለት ግን የለም። መልስ ካልሰጠህ መንጃ ፈቃድህ ሊታገድ ይችላል፣ ያኔ 2 ነጥብ ያስመኝሃል።

ጥያቄ፦ ባለ ቪትዝ

ከርዕሱ ልወጣና፣ እሱ እዚህ የወንድሙን መኪና ቢነዳና ቢቀጣ እዚያ ነጥብ ይሆንበታል?

መልስ፦ የለገሃሩ ሹፌር

አይሆንም። የአሜሪካ ግዛቶች መረጃ የሚለዋወጡት እርስ በርሳቸው ነው። ግን እዚህም ነጥብ እንዳለ አትርሱ። በእኛ አቆጣጠር በ2003 የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ነው ጥፋቱን በእርከን ከፍሎ ሪከርድ እንዲያዝ ያደረገው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። እዚህ ሲከሱህ የክስ ወረቀቱን ትራፊኩ ሳይሄድ አንብበው። ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የጥፋቱ ዓይነት በትክክል መጻፉን እይ። ምልክቱን እዚያው ፎቶ አንሳ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ስንት መታጠፊያ ተቀይሯል! ትናንት የታጠፍክበት ዛሬ ክልክል ሆኖ ታገኘዋለህ። ቅሬታ ካለህ ሳትከፍል በጽሑፍ አቅርብ። በቴሌብር ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ የሚሰማህ ማግኘት ከባድ ነው።

ጠያቂው፦ የአራት ኪሎ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ። ጸሐፊዋ የትኬቱን ቁጥር ጠይቃ አገኘችው። እስካሁን ምንም እንዳልተመዘገበብኝ ነገረችኝ። ቅጹን ፈርሜ ለባለቤቴ ልኬያለሁ፣ እሷም ዛሬ ፖስታ ቤት አስገብታ የደረሰኙን ፎቶ ላከችልኝ። የአስተርጓሚውንም ማመልከቻ አብራ ልካዋለች። የቀጠሮው ደብዳቤ ቤት ስለሚመጣ በየቀኑ ሳጥኑን እንድታይ ነግሬያታለሁ። እናቴም ዛሬ ደህና ናት፣ ቁጭ ብላ ቡና ጠጣች።