«እንግዳ ሕዝብ» ወይስ «መጤ»? የሃካዎችን ስም እንዴት እንተርጉመው?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤቶች። ሃካ ስለሚባለው የቻይና ሕዝብ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ቦታ ተይዣለሁ። ስማቸው በሁለት ፊደል ይጻፋል። አንዱ «እንግዳ»፣ ሌላው «ቤት» ወይም «ቤተሰብ» ነው። «እኛ እንግዳ ሕዝብ ነን» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አንብባው «ምናቸው ነው እንግዳ የሆነው?» አለችኝ። ምን ልበል?

ሰዋስው፦
እህትህ ልክ ናት። «እንግዳ ነገር» ያልተለመደ ነገር ነው። «እንግዶች» በለውና ጨርስ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
አትቸኩሉ። በግእዝ «ነገደ» ተጓዘ ነው፣ ሸቀጠም ነው። «ነግድ» እንግዳ፣ «ነጋዴ» ከዚያው። ጎሳ የምንለው «ነገድ»ም ከዚሁ ግንድ የወጣ ይመስለኛል፤ አብሮ የሚጓዝ ወገን። «ነገደ እንግዳ» ቢባል ሥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ሰዋስው፦
ድምፅ ስለገጠመ ሥር አንድ አይሆንም። ማስረጃ አምጣ።

ጓንጁ የተማረ፦
ስሙን ያወጡት እነሱ አይደሉም፣ ባላገሮቹ ናቸው። ፑንቲ ይባላሉ፤ ቃሉ ራሱ «ያገሩ ሰው» ማለት ነው። በፈረንጆቹ ከ1855 እስከ 1867 በደቡብ ቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት ውስጥ ሁለቱ ተፋጅተዋል። በአንዳንድ የአካባቢ መዛግብት የሃካዎች ስም የውሻ ምልክት ተጨምሮበት ይጻፍ ነበር። ያን ጊዜ ትክክለኛው ትርጉም «መጤ» ነው።

የመምህር ልጅ፦
«መጤ» ያልከው መጣ ነው፤ መጣ በግእዝ መጽአ ነው። ጸ ወደ ጠ ሄደ። ሐዋርያው ጴጥሮስ «እንግዶችና መጻተኞች» ሲለን የሚሰማን ሌላ ነው። ሥሩ አንድ፣ አንዱ ስብከት፣ አንዱ ስድብ። እኔ ብሆን «መጻተኞች» እላለሁ።

ከሃይፋ፦
እኛ ቤተ እስራኤሎች ይሄን በሥጋችን እናውቀዋለን። «ፈላሻ» ከፈለሰ ነው ይሉናል። ስሙን አልወሰድነውም፤ በራሳችን ስም ተጠራን። ሃካዎች ግን የሰው ስም አንስተው የራሳቸው አደረጉት። ለምን?

ጓንጁ የተማረ፦
መጀመሪያ የተሟገቱት ስለ ዘራቸው ነው። በ1905 አንድ የጓንግዶንግ መማሪያ መጽሐፍ «ሃን (የቻይና አብዛኛው ሕዝብ) አይደሉም» ቢል ምሁሮቻቸው ተነሡ። በ1933 ሉዎ ሺያንግሊን፣ እሱም ሃካ ነው፣ ከሰሜን የወረዱ ሃኖች መሆናቸውን ጽፎ ተከራከረ። ታይዋን ላይ ግን ጥያቄው ቋንቋ ሆነ። ከተማ የገባው ሃካ ቋንቋውን ውጦ በማንዳሪን፣ በመንግሥቱ ቻይንኛ፣ ይኖር ነበር። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1988 በዋና ከተማዋ ታይፔ ላይ ከ10,000 በላይ ሰው «አፍ መፍቻዬን መልሱልኝ» ብሎ ወጣ። የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሆነውን የሱን ያትሰንን ምስል አፉን በጭምብል ሸፍነው ተሸክመውት ነበር። በ2003 የራሳቸው ቴሌቪዥን ተከፈተ። የ2010 ሕግ ደግሞ ሃካን ሲተረጉም፣ የሃካ ደም ወይም ምንጭ ያለው ሆኖ ራሱን ሃካ ብሎ የሚቆጥር ይላል።

ከሃይፋ፦
«ራሱን የሚቆጥር» የሚለው ልቤን ነካው።

የመምህር ልጅ፦
ታዲያ መጻተኛ ማለትም አይበቃም። ማን ራሱን መጻተኛ ብሎ ይመዘገባል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጴጥሮስ።

ጠያቂው፦
እናንተ፣ ዓረፍተ ነገሩን ነገ ነው የማስረክበው። «ሃካ» ብዬ ልተወው?

ሰዋስው፦
ስለ «ነገድ» ማስረጃ እስካሁን አልመጣም።